የኢፍጣሩ ልጣጭ የት ይሄዳል?



በጀመዓችን የሰኞና የሐሙስ ኢፍጣር ማግስት የቆሻሻ ገንዳውን ያየ ያፍራል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ እጅ ያልነካው እንጀራ ሳይቀር እዚያ አለ። ስለ ኢስራፍ ኹጥባ ሰምተን እንወጣለን፤ ለቀጣዩ ሳምንት አትክልት መግዣ ደግሞ ከተማሪ ኪስ እናዋጣለን።

አምና በተከራየነው ቤት ጓሮ ብስባሽ ሞክረን ነበር። የምህንድስና ተማሪዎች ነንና በኩራት ጀመርን። ልጣጩን ጉድጓድ ሞልተን ውኃ አፈሰስንበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰፈሩ ሸተተ። አከራያችን መጥተው «ልጆቼ፣ ጭዱስ የታለ?» አሉን። የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን እንደሚሻል እኛ በወረቀት እናውቃለን፤ እሳቸው በጭድ ያውቁታል። እርጥብ ብቻውን ሲከመር አየር ያጣና ይሸታል። ደረቅ ቅጠልና ጭድ በብዛት ሲደራረብበት፣ በየሳምንቱም ሲገላበጥ ውስጡ ይግላል፤ ከ55 ዲግሪ አልፎ ለቀናት ሲቆይ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። እርጥበቱን ለመለየት ጨበጥ አድርጎ መጭመቅ ነው፤ ጠብ ካለ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ሥጋና አጥንት አይግባበት፤ ውሻና ጅብ መጋበዝ ይሆናል።

እበት ሲጨመርበት «ነጃሳ ነው» የሚሉን አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ልክ ናቸው። ግን በዚያው መዝሀብ መሬት ማዳበሪያ ማድረጉ ተፈቅዷል፤ የበቀለውም አትክልት ንጹሕ ነው። በማሊኪይና በሐንበሊይ ደግሞ ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ራሱ ንጹሕ ነው። መድረሳ የቀራነውን ግማሹን ብቻ ባንጠቅስ ጥሩ ነው።

«ይህ የጀመዓ ሥራ አይደለም» ለሚሉን ወንድሞችና እህቶች፦ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት የሚነግረን ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ታዲያ የማን ሥራ ነው?

አሁን ጥር ነው። ዛሬ የተከመረ፣ ከተገላበጠና በደረቁ ወራት ውኃ ከጠጣ፣ በሚያዝያ ጥቁርና አፈር አፈር የሚሸት ሆኖ ለበልጉ ይደርሳል። ለአንድ ካሬ ሜትር የጎመን ወይም የቆስጣ መደብ ሁለት ሦስት አካፋ ይበቃል። በሴሚስተር እረፍት ወደ ቤተሰብ የምንሄድ እዚያው ጓሮ እንጀምር፤ እናቶቻችን ሳይስቁብን አይቀሩም፣ ይሳቁ።

እዚህ የምንቀር ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ጆንያ ይዘን ከማብሰያው በር እንቆማለን። ጭድ ያለው ይዞ ይምጣ።