መርፌውን የያዘው ይጠየቅ

ስለ ንቅሳት የተሰበከ ስብከት የሰማ አማኝ ሁሉ አንድ ጥቅስ አይጠፋውም፤ ዘሌዋውያን 19፥28። ሰባኪው ጥቅሱን ያነብባል፤ ክንዱ ላይ ቀለም ያለበትን ወጣት በዓይኑ ይፈልጋል፤ ጉባኤውም አንገቱን አዙሮ ያያል። ጉዳዩ እዚያው ላይ ያበቃል። የነቀሰውስ? መርፌውን የያዘው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ያሰናበተውስ? ስለ እርሱ ከመድረክ አንድ ቃል ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወገኖቼ፣ ሙግቴ ይህ ነው። እኛ ወንጌላውያን ስለ ንቅሳት ስንናገር የምንጠይቀው የተወጋውን ነው፤ የወጋውን ግን ዝም ብለን እናልፈዋለን። የእግዚአብሔር ቃል ሚዛን እንዲህ አይደለም።

እናቶቻችን አልመረጡትም

ከየጁቤ እስከ ብቸና፣ ከብቸናም እስከ ሞጣ ገበያ የወጣ ሰው በዕድሜ የገፉትን እናቶች ልብ ብሎ ይመልከት። አንገታቸውን እንደ ሐብል የከበበ ሰማያዊ መስመር፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አገጫቸው ላይ ነጠብጣብ ያያል፤ ሲስቁም የጠቆረ ድድ ይታያል። አንዱን የድድ ክፍል አጥቁሮ ሌላውን በተፈጥሮ መልኩ የሚተወው ንቅሳት ጉራማይሌ ይባላል። ዛሬ ቋንቋ እየቀላቀለ ለሚናገር ሰው የምንሰጠው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

አሠራሩን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ነቃሿ የኩራዝ ወይም የድስት ጥላሸት ትሰበስባለች፤ በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች፤ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች ቆዳውን እየወጋች ጥላሸቱን ታሰርገዋለች። ልጅቱ እንዳትንፈራገጥ ትያዛለች። ደሙ ይጠረጋል፤ ድዷ ያብጣል፤ እህል መቅመስ ያቅታታል። ይህ ሁሉ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ፣ አንገቷ እንዲያምር፣ ለትዳር ስትታሰብ እንዳትናቅ ተብሎ ነው። መርፌው ደግሞ ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል።

እንግዲህ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ወንጌልን ሰምተው፣ ጌታን ተቀብለው በጉባኤያችን መካከል ተቀመጡ እንበል። ግንባራቸው ላይ ያለውን አይቶ የሚያንሾካሹክ አይጠፋም። እርሳቸውም ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ማሰር ይጀምራሉ። እስቲ ንገሩኝ፤ በልጅነቷ እጇ ተይዞ የተነቀሰችን ሴት የሚከሳት የትኛው ሕግ ነው? ቁጥር 28ን የምንጮኽበት ምዕራፍ አራት ቁጥር ዝቅ ብሎ በሽበታሙ ፊት እንድንነሣና ሽማግሌውን እንድናከብር ያዝዛል (ዘሌ. 19፥32)። ከ28 እስከ 32 ለማንበብ ምን አደከመን? ሰው ፊትን ሲያይ እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ (1ሳሙ. 16፥7) ለልጆቻችን እናስተምር የለም እንዴ?

ምዕራፉን ሙሉውን እናንብብ

ቁጥር 28 የሚናገረው ስለ ሞተ ሰው ሲባል ገላን ስለ መቁረጥና በገላ ላይ ምልክት ስለ ማድረግ ነው። ለቅሶ ላይ ፊት መንጨትን የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የእስራኤል ጎረቤቶች ለሙታን ሲሉ ሥጋቸውን ይሰነጥቁ ነበር፤ የሕያው አምላክ ሕዝብ ግን ተስፋ እንደሌለው እንዳያዝን ተከለከለ። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 27 ስለ ጠጉርና ስለ ጢም ዳር ይናገራል። ቅዳሜ ማታ ጢሙን ተላጭቶ እሑድ ጠዋት ቁጥር 28ን የሚሰብክ ወንድም ሁለቱን እንዴት እንደለያቸው ሊያስረዳን ይገባል።

በሌላ በኩል “ከሕግ በታች አይደለንም፤ በጸጋ ነን፤ ስለዚህ ምንም ችግር የለውም” የሚሉ ወጣቶች አሉ። እነርሱም ምዕራፉን አላነበቡትም። ቁጥር 14 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። ቁጥር 16 የባልንጀራችን ደም ሲፈስ ቸል እንዳንል ያስጠነቅቃል። ቁጥር 18 ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ያዝዛል። ይህን የመጨረሻውን ጌታችን ራሱ አንሥቶ ከታላቂቱ ትእዛዝ ቀጥሎ አስቀምጦታል (ማቴ. 22፥39)። እነዚህ ሦስቱ ተሽረዋል የሚል ክርስቲያን የለም። ሦስቱም ደግሞ በቀጥታ የሚናገሩት መርፌ ለያዘው ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ክንዱን የዘረጋው ደንበኛ በዚያች ሰዓት ዕውር ነውና፤ መርፌው ንጹሕ ይሁን አይሁን በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ዘዳግም 22፥8ንም አስቡ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ ካላበጀ፣ ወድቆ ለሚሞተው ሰው ደም ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። እግዚአብሔር የወደቀውን “ለምን ጣራ ላይ ወጣህ?” ብሎ አልተቆጣም፤ ግንበኛውን ጠየቀ።

ዓለማዊው ሕግ እንኳ ይህን አይቷል። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ወንጀለኞች ፊታቸው ላይ ምልክት እንዳይደረግባቸው አዘዘ፤ ፊት የሰማያዊው ውበት አምሳል ስለሆነ እንዳይጎድፍ በሚል ምክንያት። ትእዛዙ የተሰጠው ምልክት ለሚያደርጉት እንጂ ለተደረገባቸው አልነበረም። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በሚመለከተው ምዕራፉ የሚጠይቀው ድርጊቱን የፈጸመውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሁሉ ወደ ኋላ ትቀራለች?

ማሽን ለገዛኸው ወንድሜ

ዛሬ ኩራዝና እሾህ ቀርቶ ማሽን መጥቷል። ኤዲሰን ጽሑፍ ለማባዛት የሠራውንና በ1876 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበትን በኤሌክትሪክ የሚወጋ ብዕር መነሻ አድርጎ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒውዮርክ ሰው የንቅሳት ማሽን ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አሁን የጀማሪ ዕቃ በአንድ ካርቶን ይሸጣል፤ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጫ፣ የእግር መርገጫ፣ መርፌዎች፣ ጥቂት ጠርሙስ ቀለም። ወጣቱ ሁለት ቪዲዮ ያይና በሦስተኛው ቀን የጓደኛውን ክንድ ይይዛል። “በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት” የሚለው ተረት የተተረተው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ወንድሜ፣ ምክሬን ከጠየቅኸኝ ሌላ ሙያ ፈልግ እልሃለሁ፤ አማኝ ወጣት እንዲነቀስም አልመክርም። ነገር ግን ማሽኑን ከያዝህ የሚጠበቅብህን ሳትሰማ እንድታልፍ አልፈቅድልህም።

መጀመሪያ እጅህን ግራ። ወራት በወረቀት ላይ ሥዕል፣ ከዚያ በብርቱካንና በሙዝ ልጣጭ፣ ከዚያም ለመለማመጃ በተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ። ቀለም የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ በታች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ላይ ላዩን ብቻ ከነካኸው የላይኛው ቆዳ ሲታደስ ይጠፋል፤ ጠልቀህ ከወጋህ ቀለሙ እንደ ቀለም ጠብታ በወረቀት ይሰራጫል፣ ጠባሳም ይተዋል። ቆዳው በሌላው እጅ ሳይወጠር የተሳለ መስመር ይንቀጠቀጣል። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ደግሞ ኬሎይድ ለሚባለው አብጦ ለሚያድግ ጠባሳ ይበልጥ የተጋለጥን ነን። ፊደላችንንም አትርሳ፤ አንዲት እግር ስትጨመር “በ” ትሄድና “ቡ” ትመጣለች፤ ቆዳ ላይ የተሳሳተ ፊደል በላጲስ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ደሙን ፍራ። በተለምዶ የወፍ በሽታ ከምንላቸው አንዱን የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ደንበኛህም አንተም ሳትከተቡ ያደጋችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቀውን ሦስት ዙር ክትባት ሳትወስድ መርፌ አትንካ። መርፌ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በጤና ጣቢያ እንደምታየው ዓይነት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ። በአልኮል መጥረግ፣ በክብሪት ማስነካት፣ በድስት መቀቀል መርፌን ለሁለተኛ ሰው ንጹሕ አያደርግም። ተመልሶ የሚሠራ ዕቃ ካለህ በአውቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ይጽዳ። ጓንት ለየሰው ይቀየር፤ ስልክህን በነካህበት ጓንት ቆዳ አትንካ። ቀለሙን ከጠርሙሱ በቀጥታ አትንከር፤ የሚጣል ትንሽ ስኒ ውስጥ ቅዳ። በቧንቧ ውኃም አታቅጥነው።

“ንጹሕ ሰው ነኝ፤ ይህ ሁሉ አያስፈልገኝም” ትላለህ? በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ በአንድ ነቃሽ ወንበር ላይ የተቀመጡ 19 ሰዎች ቆዳቸው በባክቴሪያ ተመረዘ። ባክቴሪያው የተገኘው ሲሠራ ጀምሮ በተበከለ ቀለም ውስጥ ነበር። በሚጠነቀቅ ሰው እጅ ይህ ከሆነ፣ በማይጠነቀቅ እጅስ?

ሦስተኛ፣ “አይሆንም” ማለትን ተማር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ቢመጣ አይሆንም። የጠጣ ሰው ቢመጣ አይሆንም። ትናንት የተዋወቃትን ልጅ ስም አንገቱ ላይ ጻፍልኝ የሚል ቢመጣ አይሆንም። “ገንዘቡ እንጀራዬ ነው” የምትል ከሆነ፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 35 እና 36 ስለ እውነተኛ ሚዛን የሚናገረውን አንብብ። እግዚአብሔር የምንበላውን ብቻ ሳይሆን የምንሸጥበትን ሚዛን ያያል።

“እኔ የምስለው መስቀልና ጥቅስ ብቻ ነው” የምትለዋን መከላከያም አውቃታለሁ። በቆሸሸ መርፌ የተሳለ መስቀል ጉበት ከመታመም አያድንም። ነቃሿም የእናቶቻችን ግንባር ላይ የሳለችው መስቀል ነበር። ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ አያደርግም (ሮሜ 13፥10)። ጥቅሱን ቆዳ ላይ ከመጻፍህ በፊት በእጅህ ሥራ ላይ ይታይ።

ለእረኞችና ለአገልጋዮች

ስለ ንቅሳት ስታስተምሩ ጥያቄውን ወደ መርፌው አዙሩት። በጉባኤያችሁ ውስጥ ንቅሳት የሚሠራ ወጣት ካለ በግል ጥሩትና “መርፌውን ለስንት ሰው ትጠቀማለህ? ተከትበሃል?” በሉት። ያን ወጣት ከመድረክ ማሸማቀቅ ከኅብረታችሁ ያርቀዋል እንጂ የአንድን ሰው ጉበት አያድንም። ሴት ልጁን ድዷን ሊያስነቅስ የሚያስብ ወላጅ ካለ፣ በፍቅር ግን ያለ ማወላወል ከልክሉት። የተነቀሱትን እናቶች ደግሞ ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው። በሻሻቸው የሚሸፍኑት ነገር እንደሌለ በአንደበታችሁ ንገሯቸው። ንቅሳቱን በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ለማጥፋት የሚያስብ ካለም አስቁሙት፤ ንስሐ በቆዳ ላይ ሌላ ቁስል አይጠይቅም።

ጌታን ገና የምትፈልግ፣ ይህን የምታነብ ወዳጄ ሆይ፣ ገላህ ላይ ባለው ነገር ምክንያት ወደ ጉባኤ ለመግባት ፈርተህ ይሆናል። እግዚአብሔር ሕዝቡን በእጁ መዳፍ ላይ እንደ ቀረጸ በኢሳይያስ 49፥16 ተናግሯል። ልጁም ከሙታን ተነሥቶ ለደቀ መዛሙርቱ ያሳያቸው በሚስማር የተወጉ እጆቹን ነው። የተወጉት እጆች ማንንም ስለ ንቅሳቱ አይመልሱም። እንዳለህ ና።

መርፌ የያዝህ ወንድሜ፣ አንተም ና፤ ነገር ግን የባልንጀራህን ደም ይዘህ ሳይሆን፣ እጅህን ታጥበህ ና። ጌታ ልባችሁን ያብራ፤ አሜን።