የተገለበጠው አውሮፕላንና የእኔ መቀስ

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቴምብር «አስተካክዬ» አበላሽቻለሁ። ከደሴ በመጣ የአጎቴ ደብዳቤ ላይ ያገኘሁት ነው። ዙሪያውን የሚከበው ጥርስ ወደ ታች ሸርተት ብሎ የሥዕሉን አናት ቆርጦታል፤ ከግርጌው ደግሞ የታችኛው ቴምብር ራስ ብቅ ብሎ ይታያል። ለእኔ የተንሻፈፈ ነገር ነበር። የእህቴን የልብስ መቀስ አንስቼ የተረፈውን ቀጥ አድርጌ ከረከምኩትና ደብተሬ ላይ በሙጫ ለጠፍኩት። በሙጫ! ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ይህን ሲያነብ ዐይኑን እንደሚጨፍን አውቃለሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ደብተሩን ለአንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ አሳየኋቸው። ጋሼ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለሚፈልጉ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ገጹን በአጉሊ መነጽር እየቃኙ መጥተው እዚያች ቴምብር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምነው ልጄ፣ እጅህን በቆረጠው!» አሉና ሳቁ።

ሀብታም ያደርገኝ ነበር ማለቴ አይደለም። ጥርሱ የተዛነፈ ቴምብር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ዋጋውም እንደ መዛነፉ መጠን ነው። የቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያ ደብተር ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ከሌላው የማይመሳሰለው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ላመሳስለው ስል ገደልኩት።

የቴምብር ሰብሳቢ ጠባይ ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል። ማተሚያ ቤቱ ያፈረበትን ወረቀት እኛ በወረንጦ ይዘን እናደንቃለን። ጥርስ እንቆጥራለን። እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጀመሪያው ቴምብር፣ ጥቁሩ የአንድ ፔኒ፣ ጥርስ አልነበረውም፤ ከሉሁ ላይ በመቀስ እየተቆረጠ ነበር የሚሸጠው። ሄንሪ አርቸር የተባለ አየርላንዳዊ ጥርስ የሚያወጣ ማሽን ላይ ሲደክም ቆይቶ፣ ከ1854 ጀምሮ ጥርስ ያላቸው ቴምብሮች በመደበኛነት ወጡ። ከዚያ ወዲህ «ጥርሱ 14 ነው» ሲባል በሁለት ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ 14 ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ማሽኑ አንድ ረድፍ ዘሎ ከሄደ ሁለት ቴምብሮች እንደ መንታ ተጣብቀው ይቀራሉ። እነዚያን መንቶች የሚለያይ ሰው ከእኔ የባሰ ነው።

የቀለም ስህተት ግን ሌላ ማዕረግ አለው። ባለ ሁለት ቀለም ቴምብር በድሮው አሠራር ማተሚያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ለክፈፉ፣ አንድ ጊዜ ለመሐሉ ሥዕል። ሠራተኛው በሁለተኛው ዙር ወረቀቱን አዙሮ ካስገባው ያ ሁሉ ሉህ ይገለበጣል። በዋሽንግተን የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን መደበኛ የአየር ፖስታ ልትጀምር አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሜይ 14 ቀን 1918 እ.ኤ.አ.፣ ዊልያም ሮቢ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ባለ 24 ሳንቲሙን አዲስ ቴምብር ጠየቀ። መጀመሪያ የታዩት ሉሆች ሥዕላቸው መሐል ላይ አልተቀመጠም ብሎ ተመለሰ፤ ቀትር ላይ ደግሞ መጣ። አሁን የተሰጠው ባለ አንድ መቶ ቴምብር ሉህ ላይ ሰማያዊው አውሮፕላን በመቶውም ላይ ተዘቅዝቆ ይበራል። 24 ዶላሩን ከፈለ። ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ለሻጩ አሳየው። ሻጩ መስኮቱን ዘግቶ ወደ ስልክ ሮጠ። መርማሪዎች መጥተው ሉሁን ቢጠይቁትም አልሰጥም አለ፤ በሳምንቱ ለፊላደልፊያው ነጋዴ ለዩጂን ክላይን በ15,000 ዶላር ሸጠው። ክላይን በ20,000 ለኮሎኔል ኤድዋርድ ግሪን አሳለፈው። ግሪን ሉሁን ከመበታተኑ በፊት እያንዳንዷ ቴምብር ጀርባዋ ላይ የሉህ ቁጥሯ በእርሳስ ተጻፈባት። ቁጥር 49 የሆነችው በ2023 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ነው። በቴምብሩ ላይ ያለው አውሮፕላን ቁጥሩ 38262 ነው። በማግስቱ ከዋሽንግተን ፖስታ ጭኖ የተነሣው አውሮፕላንም ቁጥሩ 38262 ነበር። አብራሪው አቅጣጫ ጠፍቶት ወደ ሰሜን መብረር ሲገባው ወደ ደቡብ ሄደ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሲያርፍም አውሮፕላኑ ተገለበጠ። ማተሚያ ቤቱ አልተሳሳተም፣ ቀድሞ ነው የነገረን ማለት ይቻላል።

ሰው ሆነ ብሎ የሠራው ስህተት ግን ምን ዋጋ አለው? ለዚህም መልሱ እዚያው አሜሪካ አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የወጣው ባለ 4 ሳንቲም ቴምብር ቢጫው ቀለም ተገልብጦ ወጣ። ከኒው ጀርዚ ሊዮናርድ ሸርማን የተባለ ጌጣጌጥ ነጋዴ አንድ ሉህ አገኘሁ ብሎ ተደሰተ። የፖስታ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ደይ ግን ስህተቱ ራሱ በ40 ሚሊዮን ቅጂ እንዲታተም አዘዘ። ሸርማን ክስ መሠረተ፤ በመጨረሻ የእሱ ሉህ ከመጀመሪያዎቹ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ተሰጠው። የታዘዘው ቴምብር ግን ዛሬም በሳንቲም የሚገኝ ነው። በዐይን አይለዩም። እንግዲህ የምንሰበስበው ቀለሙን አይደለም፤ የምንሰበስበው ማንም ሳያስበው የሆነውን ነው።

ይህንን የምለው ወደ አገራችን ቴምብር ለመምጣት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች በ1887 ዓ.ም. ሲወጡ ፓሪስ ታትመው ነው፤ ቀራጩ ዩጂን ሙሾን ነበር። ሰባት ነበሩ፤ ዝቅተኛዎቹ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8ና የ16 ገርሾቹ አንበሳውን ይዘዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነዚሁ ቴምብሮች ላይ ማህተም ይመታባቸው ጀመር፤ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የአገሩ ስም፣ ከዚያ «ቦስታ»፣ ከዚያም «መልክት»። በእጅ ነው የሚመታው። በእጅ የሚመታ ማህተም ይዘቀዘቃል፣ ይደገማል፣ ይንሸራተታል፤ የመቺውም ድካም በላዩ ይቀራል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ ተፈሪ ንጉሥ፣ ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ቴምብሮቹ ላይ በታተመው ጽሑፍም እንዲሁ የተገለበጠ ይገኛል።

ችግሩ፣ እጅ ያላቸው የድሮ መቺዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ማህተም ያላረፈባቸው የምኒልክ ዝቅተኛ ቴምብሮች ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ። አንድ ጎማ ቀርጾ ቀለም የሚያስነክር ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የፈለገውን «ስህተት» ያመርታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ቦስታ» ተዘቅዝቆ የተመታበት ቴምብር ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። የከፈልኩትን ባለቤቴ ይህንን ዓምድ ስለምታነብ አልጽፈውም። ጋሼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አገላብጠው አዩትና፣

«ቴምብሩ እውነተኛ ነው፤ ስህተቱ ግን ውሸት ነው» አሉኝ።

ታዲያ ምን ይታመናል? ፖስታው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ኖቬምበር 1 ቀን 1908 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ከኛው ቴምብር ጋር የፈረንሳዮቹንም ይዞ በጅቡቲ በኩል ይወጣ ነበር። የተዘቀዘቀ ማህተም ያለበት ቴምብር እንዲህ ባለ ፖስታ ላይ ተለጥፎ፣ የሐረር ፖስታ ቤት ማህተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፎ፣ ቀኑ ከመንገዱ ጋር ሲገጥም፣ ያን ጊዜ ስህተቱ ምስክር አለው። ቴምብሩን ከፖስታው ያላቀቀ ሰው ምስክሩን አባርሯል። እኔ ልጅ ሆኜ ስንቱን በሞቀ ውሃ ነክሬ እንዳላቀቅኩ አልቆጥርም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በአያትዎ ሣጥን ግርጌ በሲባጎ የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል ካለ፣ መቀስም ውሃም አያስነኩት። ልጆቹ እንዳያገኙት ከፍ ያድርጉት፤ ፖስታውንም እንዳለ ያቆዩት።