መጀመሪያ አባባን ጠይቁ

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለዘመድ ሠርግ ወደ ጊምቢ ስንሄድ፣ ወንድሜ በስልኩ ላይ 11 ማረፊያ መዝግቦ መጣ። ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ባኮ… የቀረ አልነበረም። ልጆቹም የየራሳቸውን ጨመሩ፤ አንዱ ዋና፣ አንዷ ፎቶ። ከኋላ የተቀመጠው አባባ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ነቀምቴ ስንደርስ የኩምሳን ግቢ እናያለን አይደል?»

«እናያለን፣ አባባ» አልነው።

አምቦ ላይ ልጆቹን ከዋና ገንዳው ማውጣት አቅቶን ሁለት ሰዓት ቆየን። ጉደር ላይ ፎቶ፣ ባኮ ላይ ማንጎ። ነቀምቴ ስንደርስ መሽቷል፤ የግቢውም በር ተዘግቷል። አባባ ከመኪና ወርዶ በመብራታችን አጥሩን ትንሽ ተመለከተና «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ተመልሶ ገባ። በማግሥቱ ሌሊት ተነስተን ወደ ሠርጉ ገሰገስን።

ያ «ሌላ ጊዜ» እስኪመጣ ስምንት ዓመት ፈጀ። የወለጋ መንገድ በነዚህ ዓመታት ለተጓዥ ቀላል እንዳልነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ መካከል ግላኮማ የአባባን ዓይን ወሰደው።

ዛሬ ስለ ቤተሰብ ጉዞ ዕቅድ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ሌላ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለዕረፍት ሲወጡ የባሕሩን ዳርቻ ይዘው እየነዱ፣ በየመንገዱ ያለውን ጥንታዊ ግንብ እየጎበኙ እንደሚሄዱ ፎቶ ይልኩልናል። እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በሚወስደው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ውሃም ቤተ መንግሥትም ሞልቷል። የሚጎድለን ማረፊያ ሳይሆን ማረፊያውን የመምረጥ ልማድ ነው።

እኛ ባለፈው ጥር ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ዕቅዱን እንዲህ አደረግነው። በአንድ ቀን አንድ ትልቅ ማረፊያና አንድ ትንሽ ማረፊያ ብቻ፤ ከዚያ በላይ የለም። መንገዱንም በአንድ ቀን ከመጨረስ ለሁለት ከፈልነው።

በመጀመሪያው ቀን ትልቁ ማረፊያ አዲስ ዓለም ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያጥራት መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ለልጆች ስትነግሯቸው ከመኪናው መስኮት ውጭ የሚያዩት ዛፍ ሁሉ ታሪክ ይሆንላቸዋል። የኔው ትንሹ «ባሕር ባይኖረንም ባሕር ዛፍ አለን» ብሎ እስከ አምቦ ድረስ በራሱ ቀልድ ሲስቅ ሄደ።

ከሰዓት በኋላው የልጆቹ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ ከ120 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ በጊዜ ትደርሳላችሁ፣ ልጆቹም እስኪጠግቡ ይዋኛሉ። ያን ጊዜ የተጣላንበት ሁለት ሰዓት አሁን ማንንም አላስቸኮለም፤ የምናድረው እዚያው ነውና።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጉደር ናት፤ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፏፏቴውን ማየት የምትፈልጉ ከክረምቱ ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ብትሄዱ ውሃው ሙሉ ነው፤ እኛ በጥር ስንደርስ ቀንሶ ነበር። ድንጋዩ ያንሸራትታልና ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ ቆላ ይወርዳል። ሹራብ የሚወልቀው እዚህ ነው። ባኮ ላይ ምሳ ስትበሉ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ በአገራችን ገበሬ ዘንድ ስሙ የገነነው «ቢ ኤች 660» የበቆሎ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። «ቢ» ማለት ባኮ ነው።

ዕቅዳችን ነቀምቴ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ገብቶ ማረፍ ነበር፤ እንደዚያው ሆነ። ማታ አንጮቴ በቅቤ በላን። ይህን የወለጋ ሥራ ሥር ልጆቼ መጀመሪያ «ድንች ነው» ብለው ናቁት፤ በኋላ ግን ሳህኑን ጠረጉት።

ሦስተኛው ቀን የአባባ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ያየነው ሁላችንም ተኝተን ከተነሳን፣ ቁርስ ከበላን በኋላ ነው።

የግቢው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ግንባታውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያስጀመረው የለቃ ነቀምቴ ገዥ ሞረዳ በከሬ ነው። ሞረዳ በ1870ዎቹ አጋማሽ ሳይዋጋ ለምኒልክ በመገበሩ አገሩን ራሱ እያስተዳደረ ቆየ። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ሲነሳ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችም ሆነ። ቤተሰቡ እስከ 1966ቱ አብዮት ዘመን ድረስ በግቢው ኖሯል። አሁን ለጎብኚ ክፍት ነው።

አባባ የተወለደው ነቀምቴ ነው። በልጅነቱ በዚያ አጥር ሥር ትምህርት ቤት ተመላልሷል፤ በበሩ ግን አንድም ቀን አልገባም። ይህን የነገረን በዚያን ዕለት ነው። ያን ጊዜ አልጠየቅነውም ነበር።

አስጎብኚው ወጣት በር ላይ ሲያየው «ይግቡ፣ አባቴ፤ ደረጃ አለ» ብሎ ክንዱን ያዘው። አባባ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሄደ የእንጨቱን ምሰሶ በመዳፉ ዳሰሰ። ልጄን አጠገቡ አድርጎ «የምታዪውን ንገሪኝ» አላት። እሷም ጣሪያውን፣ በሩን፣ የወለሉን ሳንቃ አንድ በአንድ ነገረችው። የ13 ዓመት ልጅ ስልኳን ኪሷ ከትታ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባባ ሲወጣ «ጥሩ አየሁት» አለ። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ዕለት 11 ማረፊያ ባንደረድር ኖሮ በዓይኑ ያየው ነበር።

ጊዜ ካላችሁ በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምም አለ። ከሚታዩት መካከል የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ይገኝበታል። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ጥቁር አንበሶች አጥቅተው ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ አብዛኞቹን ተሳፋሪዎች መግደላቸውን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ከጥቁር አንበሶች ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ፤ እናንተ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያለፋችሁባት ሆለታ።

ወንጪስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐይቁ ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ውብ ሥፍራ ነው። ነገር ግን ከነቀምቴ ጋር በአንድ ቀን አታዳብሉት። እኛ ለመልሱ አቆይተን አንድ ሙሉ ቀን ሰጠነው።

ሦስት ነገር ላሳስብና ላብቃ። አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን አስቀድሞ ነቀምቴ ላለ ዘመድ ወይም ለምታውቁት ሾፌር ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። «ዘንድሮ ይቆይ» ካሏችሁ ይቆይ። ሁለተኛ፣ በዚያ መንገድ ከ11 ሰዓት በኋላ አትንዱ፤ ማረፊያ ቢቀር ይቅር።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስታነሱ ልጆቹን ከመጠየቃችሁ በፊት በቤቱ ውስጥ በዕድሜ የገፋውን ሰው ጠይቁ። ልጆች የፈለጉትን ይጮሁበታል፤ ይሰማላቸዋል። አዛውንት አንድ ጊዜ በቀስታ ይናገሩና «ግድ የለም» ይላሉ። የእሳቸውን ማረፊያ መጀመሪያ ጻፉት፤ ከቀኑም ጠዋቱን ስጡት። የተረፈውን ሰዓት ልጆቹ ያውቁበታል።

መልካም ጉዞ!