በስልክ ውስጥ ያለ አገር

«እስቲ እንጠይቅ» — የሳምንቱ ዓምድ

 

ከዳባት አንዲት እናት በገዛ እጃቸው ጽፈው ጥያቄ ልከውልናል። ጽሑፋቸው አራት መስመር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ይደፋል። ምን ትሠራለህ ስለው ዘንዶ እየገደልሁ ነው ይለኛል። ዘንዶው የት አገር ነው ያለው? ልጄን ምን ነካው?»

እናታችን፣ አይዞዎት። ልጅዎን የነካው ነገር የለም። የያዘው ጨዋታ ነው። ጥያቄዎ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። እኔም ትምህርት ሲያርፍ አንዳንድ ቀን ይኸን ጨዋታ ስለምጫወት፣ ያየሁትንና የማውቀውን በተራ ልንገራችሁ።

1. ጨዋታው ምንድን ነው?

ሕፃናት እቃ እቃ ሲጫወቱ አይታችኋል። አንዷ እናት ትሆናለች። አንዱ አባት ይሆናል። አፈሩ ዱቄት፣ ቅጠሉ ወጥ ይባላል። «ይኸ እኮ ውሸት ነው» ብሎ የሚጣላ የለም። ሁሉም የያዘውን ሚና ያውቃል።

ይኸም ጨዋታ እንደ እቃ እቃ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ሜዳው ደጃፍ ላይ አይደለም። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ተራራ አለው፤ ወንዝ አለው፤ ቤተ መንግሥትና ገበያ አለው። እንደ ተረት አገር ዘንዶና ጠንቋይም አለበት።

ሁለተኛ፣ አብሮ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ብቻ አይደለም። በኢንተርኔት አማካይነት ከብዙ አገር የመጣ ሰው በአንድ ሰዓት እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛል። እኔ ደባርቅ ተቀምጬ የሥዕል ዛፍ ስቆርጥ፣ አጠገቤ የሚቆርጠው ሰው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው እንግሊዝ አገር ይሁን ብራዚል፣ መልኩን አላየውም። የማየው የያዘውን ሚና ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። እኔ የምጫወተው ሩንስኬፕ ይባላል። የጀመረው አንድሩ ጋወር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ መሥራት የጀመረው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ወንድሙም አግዞታል። ጨዋታው ለሕዝብ የተከፈተው በ1993 ዓ.ም. ነው።

ከዓመታት በኋላ ጨዋታው ብዙ ተለዋወጠ። ብዙ ተጫዋቾች ቅር አላቸው። በ2005 ዓ.ም. «የቀድሞውን መልሱልን» ብለው ድምፅ ሰጡ። ኩባንያውም የቀድሞውን መልሶ ከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ በቀድሞው ጨዋታ ላይ አዲስ ነገር ለመጨመር ሲታሰብ ተጫዋቾቹ ድምፅ ይሰጡበታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በስልክ መጫወት ተችሏል።

2. የመጀመሪያው ሥራ

አሁን ወደ ጨዋታው ውስጥ እንግባ። ጀማሪ ሰው ዘንዶ አይገጥምም። ዘንዶ ቢገጥም አንድ ጊዜ ተነፍሶበት ያልቃል። ጀማሪ የሚሠራው እናንተ በየቀኑ የምትሠሩትን ነው።

ለምብሪጅ የምትባል ከተማ አለች። በከተማዋ የመስፍኑ ግንብ አለ። በግንቡ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት በጭንቀት ቆሟል። ዛሬ የመስፍኑ የልደት ቀን ነው። ኬክ መጋገር አለበት። ግን ምንም አልተዘጋጀም። ስለዚህ ጀማሪውን ይለምነዋል፦ አንድ እንቁላል፣ አንድ ባልዲ ወተት፣ አንድ ማሰሮ ዱቄት አምጣልኝ ይለዋል።

እንቁላሉ ቀላል ነው። ዶሮዎቹ ካሉበት አጥር ገብቶ ከመሬት ማንሣት ነው። ለወተቱ ባልዲ ይዞ ወደ ላሚቱ ይሄዳል፤ ያልባል። ዱቄቱ ግን ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ከማሳው ስንዴ ይለቀማል። ከዚያ በነፋስ ወደሚዞረው ወፍጮ ይኬዳል። እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። እህሉ በወፍጮው አፍ ይጨመራል። እጀታው ይሳባል። ከዚያ እስከ ታች ይወረዳል። ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ ወርዶ ይገኛል። ባዶ ማሰሮ ያልያዘ ሰው ግን ዱቄቱን እያየ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይኸን ነገር በማታው ክፍል ሳወራ እናቶች ሳቁ። «ማሰሮ ሳይዝ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። አንዷ ደግሞ «ያለብኸው ወተት ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አይጠጣም አልኋቸው። «ታዲያ ላሚቱን ለምን አደከምሃት?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አንድ አርሶ አደር ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ዘንዶውን ተወው። የኛን ገብስ የሚጨርሰው ጭላዳ ነው። ጭላዳ የሚያባርር ጨዋታ ሥሩልን።» ይኸ ቀልድ ብቻ አይደለም። ጨዋታን የሚሠራው ሰው ነው። የሚሠራውም ከሚያውቀው ኑሮ ተነሥቶ ነው። እንግሊዛዊው የነፋስ ወፍጮና መስፍን አስገባ። በአገራችንም አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ኩኩሉ የሚል የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። በዚያ ጨዋታ ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው ታመልጣለች። ድርጅቱ የገበጣ ጨዋታንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ነገ ደግሞ የደባርቅ ልጅ ተምሮ የስሜንን ጭላዳና ዋልያ ወደ ጨዋታ ቢያስገባ ማን ይከለክለዋል?

3. ማንም ከ1 ይጀምራል

በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሙያ ደረጃ አለው። እንጨት መቁረጥ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ምግብ ማብሰል፣ ሁሉም በቁጥር ይለካል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙያ ከ1 ይጀምራል። ትልቁ ደረጃ 99 ነው። ገንዘብ ያለውም የሌለውም ሙያውን የሚያሳድገው በመሥራት ነው።

እንጨት መቁረጥን እንውሰድ። ወደ 2ኛው ደረጃ ለመድረስ 83 ነጥብ ያስፈልጋል። አንድ ተራ ግንድ 25 ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ አስሉት። 4 ግንድ 100 ነጥብ ነው። ስለዚህ 4 ግንድ ይበቃል። 99ኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ ግን 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። አሥራ ሦስት ሚሊዮን ከሠላሳ አራት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንድ ማለት ነው።

የሚገርመው ሌላ ነው። 92ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የደከመው የመንገዱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት 7 ደረጃዎች ያለፉትን ሁሉ ያህል ድካም ይጠይቃሉ። ሊማሊሞን በእግር የወጣ ሰው ይኸን ያውቃል። ጫፉ ከታች ሲያዩት ቅርብ ነው። ሲወጡት ግን መጨረሻው ይርቃል።

ንባብም እንዲሁ ነው። «ሀ»ን እና «ለ»ን የያዘ ሰው በጥቂት ቀን ብዙ የሄደ ይመስለዋል። ቆይቶ ግን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «አሁንስ አልሄድ አለኝ» ይላል። አልቆመም። ደረጃው ከፍ ስላለ ነው። ጨዋታው አማርኛ የለውም። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሆኜ አንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቆም እያልሁ ነው የማነበው። በጣት እየተከተሉ ማንበብ ነውር አይደለም።

4. ምድረ በዳውና አታላዩ

በዚህ አገር ሰሜን በኩል ምድረ በዳ አለ። እዚያ ሕግ የለም። አንዱ ተጫዋች ሌላውን ሊገድል ይችላል። እውነተኛ ሞት አይደለም፤ የሞተው ተመልሶ ይነሣል። ነገር ግን የያዘው ዕቃ ይወሰድበታል። ማንንም ሳይነካ የሞተ ሰው ብዙውን ጊዜ ውድ የሆኑ 3 ዕቃዎች ይቀሩለታል። ሌላው ለገዳዩ ይሆናል። ብዙ ሳምንት የለፋበትን በአንድ ደቂቃ የሚያጣ አለ።

ታዲያ በድንበሩ ላይ ቦይ አለ። ቦዩን ለመሻገር ሲነሡ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይወጣል። «ከዚህ ወዲያ አደጋ አለ» የሚል ነው። ያነበበ ሰው ያስባል። ሳያነብ የነካ ሰው ይሻገራል።

አታላዮች ይኸን ያውቃሉ። ጀማሪ ሲያዩ ይጠጉታል። «ተከተለኝ፤ ስጦታ አለኝ» ይሉታል። ወደ ምድረ በዳው ይወስዱታል። ሌሎች ደግሞ ገበያ መካከል ቆመው «ገንዘብህን ስጠኝ፤ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» ይላሉ። መጀመሪያ ትንሽ ሲሰጧቸው እውነትም እጥፍ ይመልሳሉ። ሰውየው ያምናል። ከዚያ ያለውን ሁሉ ሲሰጣቸው ይሰወራሉ።

ስለዚህ ጨዋታው አንድ መልካም ሥርዓት አበጀ። ሁለት ሰዎች ዕቃ ሲለዋወጡ ሁለት ገጽ ይወጣል። በመጀመሪያው ገጽ እያንዳንዱ የሚሰጠውን ያስቀምጣል። ሁለቱም ሲስማሙ ሁለተኛው ገጽ ይመጣል። የምትሰጠውና የምትቀበለው እንደገና ተዘርዝሮ ይጻፋል። አታላዩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዕቃውን ቀይሮ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ያገኘዋል። ሳያነብ «እሺ» ያለ ግን ሄደበት።

ወገኖቼ፣ ይኸ የጨዋታ ነገር ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። ስልክ ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚለው ሰው የዚያው አታላይ ወንድም ነው። የብድር ወረቀት ሲመጣ፣ የመሬት ኪራይ ውል ሲመጣ፣ «እዚህ ጋ አሻራዎን ያኑሩ» ሲባል፣ ያ የእኛ ሁለተኛ ገጽ ነው። በጨዋታው የሚጠፋው የሥዕል ሰይፍ ነው። እዚህ የሚጠፋው ማሳ ነው። ስለዚህ «ቆይ፤ መጀመሪያ ላንብበው» ማለት ልመዱ። ሌላው ቢቸኩል ይቸኩል። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ካልገባችሁ አትፈርሙ።

5. ዘንዶ የሚገድሉት ለእንጀራ የሆኑ ሰዎች

ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላው ሥራ የሆነበት ጊዜ አለ። ቬኔዙዌላ በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ አገር ናት። ከ2009 ዓ.ም. በኋላ የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋው እጅግ ወደቀ። ደመወዝ ምግብ መግዛት አልቻለም። ያን ጊዜ አንዳንድ የቬኔዙዌላ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በዚህ ጨዋታ አረንጓዴ ዘንዶ መግደል ያዙ። የዘንዶውን አጥንትና ቆዳ ይሰበስባሉ። በጨዋታው ወርቅ ይሸጡታል። ወርቁን ደግሞ ለሌላ ተጫዋች በእውነተኛ ዶላር ይሸጣሉ። በዚያ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ።

አረንጓዴው ዘንዶ በብዛት የሚገኘው ምድረ በዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለመዝናናት የመጡ ተጫዋቾች እነዚህን ሰዎች እያሳደዱ የገደሉበት ጊዜ ነበር። ለገዳዩ ሳቅ ነው። ለተገደለው የዕለት ራቱ ነው። የጨዋታው ደንብም ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥን ይከለክላል። ኩባንያው ሲደርስበት መዝገቡን ይዘጋል። የወራት ድካም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ወጣት «በጨዋታ ገንዘብ አገኛለሁ» ብሎ ትምህርቱን ወይም እርሻውን ቢተው፣ የቆመበት መሬት የእሱ አይደለም።

6. እንግዲህ ልጁን ምን እናድርገው?

እናታችን፣ ስልኩን ነጥቆ መስበር መፍትሔ አይሆንም። ዝም ብሎ መተውም አይሆንም። ይኸን ያድርጉ።

ሀ) አጠገቡ ይቀመጡና «እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ምን እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠይቁት።

ለ) ሰዓት ይወስኑለት። ከብቱ ከገባ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ይሁን። እንቅልፉን አይንካበት።

ሐ) ካርድ የሚገዛው በማን ገንዘብ እንደሆነ ይወቁ። ጨዋታው በነጻ ሊጀመር ይችላል። ኢንተርኔቱ ግን ካርድ ይበላል። ተጨማሪ ነገር ለማግኘትም የሚያስከፍል አለ።

መ) ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው እንዳይነግር ያስጠንቅቁት።

ሠ) የሚያነበውን ወደ አማርኛ መልሶ እንዲነግርዎ ያድርጉ። እርስዎም የሳምንቱን ጋዜጣ ያንብቡለት። እሱ ያስተምርዎት፤ እርስዎም ያስተምሩት።

የሳምንቱ ቃላት

ሚና — በጨዋታ ወይም በሥራ አንድ ሰው የሚይዘው ቦታ።
የይለፍ ቃል — ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የመግቢያ ቃል።
ውል — ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙበት ጽሑፍ።

ተወያዩባቸው

1. ወጥ ቤቱ የጠየቃቸው 3 ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. አንድ ግንድ 25 ነጥብ ቢሰጥ፣ 12 ግንድ ስንት ነጥብ ይሰጣል?
3. ሁለተኛው ገጽ ለምን አስፈለገ?
4. በመንደራችሁ ሳያነብ አሻራውን አኑሮ የተጎዳ ሰው አለ? ስሙን ሳትጠሩ ነገሩን ተነጋገሩበት። ቢያነብ ኖሮ ምን ይጠይቅ ነበር?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ጥያቄ ያላችሁ እንደ ዳባቷ እናት በእጃችሁ ጽፋችሁ ላኩልን። አራት መስመር ይበቃል። ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።