ሚሊዮኑና የታክሲው ሒሳብ

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ገጽ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይዞታ ስንነጋገር ለቆየን ሰዎች፣ ዛሬ ስለ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ልጽፍ መነሣቴ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። ሰሞኑን ከሃያ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ የአንድ ውድድር መጨረሻ ዳግመኛ ተመልክቼ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እንቅልፍ የነሣኝ ግን የአሸናፊዎቹ ሚሊዮን ዶላር አይደለም፤ የታክሲው ሒሳብ ነው።

ውድድሩ «ዘ አሜዚንግ ሬስ» ይባላል። ሲቢኤስ የተሰኘው የአሜሪካ ጣቢያ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 2001፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ከመፍረሳቸው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥንድ ጥንድ የሆኑ ተወዳዳሪዎች ዓለምን ይዞራሉ፤ በየደረሱበት በፖስታ የታሸገ መመሪያ ይሰጣቸዋል፤ የታዘዙትን ፈጽመው ወደ ማረፊያው ምንጣፍ ይሮጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ የደረሰው ቡድን ይሰናበታል። ለየጉዞው የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ይታደላል፤ ታክሲውም ምግቡም ከዚያው ላይ ነው። በመጨረሻ የሚቀሩት ሦስት ቡድኖች ናቸው፤ ቀድሞ ምንጣፉን የረገጠው አንድ ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል።

እኔ የማነሣው ሰባተኛውን ዙር ነው። መጨረሻው የታየው እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2005፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። ለፍጻሜ ከቀረቡት መካከል ኡቼናና ጆይስ አጉ የተባሉ ባልና ሚስት ይገኙበታል። እርሱ የኤንሮን፣ እርሷ የወርልድኮም ሠራተኞች የነበሩ፣ ሁለቱ ግዙፍ ኩባንያዎች በማጭበርበር ቅሌት ሲንኮታኮቱ ከሥራ የወጡ ሰዎች ናቸው። ሕንድ ላይ ጆይስ ለውድድሩ ስትል ጠጉሯን እስከ ቆዳው ተላጭታለች። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ጣቢያ፣ ጃማይካ ላይ፣ መጨረሻ በመውጣታቸው ባይሰናበቱም ገንዘባቸውና ጓዛቸው ተወስዶባቸዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ጉዞ የጀመሩት ባዶ እጃቸውን፣ ከመንገደኛ እየለመኑ ነበር።

ፖርቶ ሪኮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ተፎካካሪዎቻቸው ሮብና አምበር ወደ ማያሚ የሚበረው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መሳፈሪያውም ድልድይ ተነሥቷል። በሠራተኞቹ ልመናና በአብራሪው ፈቃድ ድልድዩ ተመልሶ ሁለቱ ተሳፈሩ። ፍሎሪዳ ገብተው ከመጨረሻው መስመር ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ደግሞ ለታክሲው የሚከፍሉት ገንዘብ አነሣቸው። ሚሊዮኑ ከፊት ለፊታቸው ነው። ተቀናቃኞቻቸው በየትኛው ደቂቃ ከኋላ ብቅ እንደሚሉ አያውቁም። ባልና ሚስቱ ግን አልሮጡም። አላፊ አግዳሚውን እየለመኑ የነጂውን ሒሳብ አሟሉ፤ ከዚያ በኋላ ሮጡ፤ አሸነፉም።

«ሒሳብ ሳይከፍል የሮጠ ቡድን ቅጣት ይጠብቀው ነበርና የፈሩት ሕጉን ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሰው ሁሉ መልአክ ቢሆን ኖሮ ዳኛ ባላስፈለገ ነበር። ሆኖም ሕግን አክብሮ በሕግ መካከል መሽሎክሎክ የሚቻል መሆኑን በዚያው ዙር ሮብ በሚገባ አሳይቷል። አርጀንቲና ላይ ተወዳዳሪዎች አራት ፓውንድ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ የተጠበሰ ሥጋ እንዲበሉ ታዘዙ። (የእኛ ልኳንዳ ቤት ደንበኞች ይህን ቅጣት ሳይሆን ግብዣ ይሉት ነበር።) ሮብ አልቻለም። ሥራውን ያቋረጠ የአራት ሰዓት ቅጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ስለዚህ ብቻውን ላለመቅረት ሌሎችንም እንዲያቋርጡ አግባባቸው። ብዙዎች ካቋረጡ ቅጣቱ ቅጣት መሆኑ ያበቃልና! በዚህ ውስጥ የተጣሰ አንድም ደንብ የለም። ነገር ግን የአገራችንን ካድሬ ለሚያውቅ ሰው ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ጥፋትን በጋራ ካደረጉት ጠያቂ አይኖርም።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ነግሬ «እናንተ ብትሆኑ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ ወይስ ትሮጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ብርቱ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ እኔ እሮጣለሁ። ሚሊዮኑን ከተቀበልሁ በኋላ ተመልሼ ለነጂው ዐሥር እጥፍ እከፍለዋለሁ። ዘግይቶ ከሚያሸንፍ ድኻ ይልቅ ቀድሞ የሚያሸንፍ ሀብታም ለነጂው ይጠቅመዋል» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም፤ ደወሉ አዳነኝ።

ክርክሩ ቀላል አይደለም። እንዲያውም የዘመናዊ ኢትዮጵያ ፖለቲካ ዋና ክርክር ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። «መጀመሪያ እንድረስ፤ ዕዳው በኋላ ይከፈላል።» መጀመሪያ አብዮቱ፣ መጀመሪያ ልማቱ፣ መጀመሪያ ሰላሙ፣ መጀመሪያ አንድነቱ። መብቱ፣ ካሣው፣ ምስጋናውና የሟች ቤተሰብ ጥያቄ ከመስመሩ በኋላ።

ከመስመሩ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ታሪክ መዝግቦልናል። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። እነሆ፣ የእኛም ታሪክ ከታክሲ ነጂ ይጀምራል! መምህራን አብረው ተነሡ፤ ተማሪው ተከተለ፤ ወሩ ሳይሞላ ሠራተኛው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ያን የዘመናት ዙፋን ያነቃነቁት እነዚህ ነበሩ። ምንጣፉን የረገጠው ግን ደርግ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን ያወረደው ዐዋጅ ራሱ የሥራ ማቆም አድማንና ያልተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። ተሳፋሪው በአድማ ታዝሎ ደረሰ፤ በደረሰባት ቀን አድማን ወንጀል አደረገ። የታክሲው ሒሳብ አልተከፈለም ብቻ ሳይሆን ነጂው ሒሳብ እንዳይጠይቅ በሕግ ታገደ።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ። ኡቼናና ጆይስ ፍሎሪዳ ላይ የለመኑት ለአሜሪካ ሕዝብ ከታየ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እኛ ለምርጫ ተሰለፍን። ያን ሰልፍ ያየ አይረሳውም። አሮጊቶች በምርኩዝ፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅና ከዚያም በኋላ ቆመው የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ጠበቁ። ሁለቱንም ወገን ወደ መስመሩ ያደረሰው ያ ሰልፈኛ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ገዢው ፓርቲ ሥልጣኑን ይዞ ቀጠለ። የተቃዋሚው መሪዎችም ከእስር ከወጡ በኋላ ለመራጩ ሒሳብ ከማወራረድ ይልቅ እርስ በርስ ተከፋፈሉ። በሁለቱም በኩል ነጂው መሪውን እንደጨበጠ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ተሳፋሪውን ሲጠብቅ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለመዘርዘር ቦታው አይበቃኝም። በ2010 ዓ.ም. ለመጣው ለውጥ አደባባይ ወጥተው የወደቁ ወጣቶች እናቶች ምን አገኙ? የሰሜኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2022 ፕሪቶሪያ ላይ በፊርማ ሲዘጋ ፈራሚዎቹ ተጨባበጡ፤ ከፊርማው በኋላም ተፈናቃዮች ክረምትን በመጠለያ ጣቢያ አሳለፉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለው ተረት የተወዳዳሪውን ልብ ያሳየናል፤ ስላመጣው ነጂ ግን አንዲት ቃል አይናገርም።

እንግዲህ ለተማሪዬ ዘግይቼም ቢሆን መልሴ ይህ ነው፦ ዕዳ የሚከፈለው ባለዕዳው ስለ በለጸገ አይደለም፤ ባለገንዘቡ ለመጠየቅ ዐቅም ስላለው ነው። ነጂው ያ ዐቅም ያለው ተሳፋሪው ከመስመሩ ወዲህ ሳለ ብቻ ነው። መስመሩ ከታለፈ በኋላ መብቱ ወደ ልመና ይለወጣል። ኡቼናና ጆይስ የለመኑት ዕዳቸውን ለመክፈል ነው፤ በእኛ አገር ለምኖ የሚቀረው ዕዳ የተበላበት ሰው ነው። ስለዚህ «በኋላ እንከፍላለን» ለሚሉን ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁኑ ተቃዋሚ፣ መልሳችን «ከመውረድህ በፊት» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ውድድሩንም ቅዱስ አላደርገውም። በስድስተኛው ዙር ተወዳዳሪዎቹ ወደ አገራችን መጥተው በላሊበላ አልፈዋል። ከአንድ አለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ለሯጭ ምን ሊታየው ይችላል? ለእኛ የጸሎት ቤት የሆነው ለእነርሱ ጣቢያ ነው። ደግሞም ዓለምን በሳምንታት ለመዞር ድፍረትና ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ በየድንበሩ የሚከበር ፓስፖርት ያስፈልጋል። የእኛ ወጣት በየኤምባሲው ደጃፍ ሲሰለፍ ገና መነሻው ላይ ይሰናበታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቹም ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ የቆለፉ፣ ያን መጨረሻ የተመለከቱት ከተሳፋሪው ወንበር ሳይሆን ከመሪው በስተጀርባ ሆነው ነው። እነርሱ ሚሊዮኑን ሳይሆን ቆጣሪውን እንዳዩ አልጠራጠርም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ብዕሬን ባስቀምጥ ግብዝ እሆናለሁ። እኔም የታክሲ ሒሳብ አለብኝ። ለዶክትሬት ማዕረጌ የሚሆን መረጃ የሰበሰብሁት ከገበሬዎች ነበር። በአጨዳ ወራት ከሥራቸው አስተጓጉዬ ጓዳቸውን፣ ማሳቸውን፣ ዕዳቸውንና የሞቱባቸውን ከብቶች ሳይቀር አስቆጠርኋቸው። ጠላቸውን ጠጣሁ፤ ቆሏቸውን በላሁ። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻው ቀን፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጽፈህ ስታበቃ ተመልሰህ ታነብልናለህ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ እመለሳለሁ» አልሁ። መመረቂያ ጽሑፌ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ ፈታኞቹ አመሰገኑት፤ ካባ ለበስሁ፤ ደመወዜ ጨመረ። ዐሥር ዓመት አለፈ። አልተመለስሁም።

ሁልጊዜም ምክንያት ነበረኝ። መጀመሪያ ልመረቅ፣ መጀመሪያ ጽሑፉ በመጽሔት ይውጣ፣ መጀመሪያ ማዕረጌ ይጽና እል ነበር። ተማሪዬ የተናገረው የእኔኑ ቃል ነው፤ ለዚህም ነው መልስ ያጣሁለት። መንግሥታትን በጠየቅሁበት መስፈሪያ ራሴን ስሰፍር ጎድዬ ተገኘሁ። «ብድር በምድር» ይላሉ አበው።

ባለፉት ሳምንታት ያን ወፍራም ጥራዝ ወደ አማርኛ አሳጥሬ ዐሥራ ሁለት ገጽ አደረግሁት። ስጽፈው ብዙ ነገር አስተዋልሁ፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ገጽ የፈጀ ሐሳብ ለገበሬ ሲነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱም ጨርሶ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መንገዱ ሲፈቅድ ይዤው እሄዳለሁ። ሽማግሌው በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ አላውቅም። ከሌሉ ለልጆቻቸው አነብላቸዋለሁ። ዘግይቶ የተከፈለ ሒሳብ መሆኑን አልክድም፤ ኡቼናና ጆይስ ከመስመሩ ወዲህ የከፈሉትን እኔ ከመስመሩ ወዲያ ነው የምከፍለው፤ ያም ምስጋና የሚገባው ሥራ አይደለም።

እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ካላችሁበት ወንበር ያደረሳችሁ ማን ነው? ሒሳቡስ ተከፍሏል?

ቸር ያሰንብተን።