ለፈንግል እንክብልም ፌጦም አይበቃም

ክረምት ሊገባ ሲል ፈንግል በየመንደሩ ቆጡን ባዶ ያደርጋል። ገበሬው ያን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው፤ ከጓዳው ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሎሚ፣ ከገበያ ደግሞ በፍሬ የሚሸጥ የቴትራሳይክሊን እንክብል።

ፈንግል ግን የቫይረስ በሽታ በመሆኑ እንክብሉ አያድነውም። ይባስ ብሎ ቅሪቱ በእንቁላልና በሥጋ ወደ ሰው ይገባል፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን እየተላመዱ ስለሚሄዱ ነገ የገበሬው ልጅ ሲታመም ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። ከዚህ አንጻር የጓዳው መድኃኒት ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ የእናቶቻችን እውቀትም የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈንግልን እንደሚያድን አልተረጋገጠምና «ፌጦ ሰጥቻለሁ» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

መከላከያው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚመረተው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየ3 እና 4 ወሩም ይደገማል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠም በኋላ ብዙ የማይቆይ መሆኑ ነው፤ ለአምስት ዶሮ ብሎ የሚከፍተው የለም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። በሚያዝያ የየቤቱን ዶሮ ቆጥረው፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር አንድ ቀን ቆርጠው፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ቢያስከትቡ ወጪው ለእያንዳንዱ አባል ይቀላል። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው። የታመመው ተለይቶ ይያዝ እንጂ ወደ ገበያ አይውጣ፤ የሞተውም ይቀበር።