«በክፍል ሙቀት» ሲባል የማን ክፍል ነው?

ስለ ፈሳሽ ክሪስታል ጠብታዎች የሚታተሙ የምርምር ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው «ልኬቱ በክፍል ሙቀት ተወሰደ» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ሐረጉ ከደቡብ ኦሞ ሆኖ ሲነበብ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ መካከለኛ ነው። ወደ ኦሞራቴ ሲወረድ ከፍታው ወደ 400 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል፤ በሞቃት ወራት የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ማለፉም የተለመደ ነው። በመሆኑም በሀገራችን በዚህ መስክ የሚካሄድ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሙቀትን የጥናቱ ዋና ጉዳይ ሊያደርገው ይገባል እላለሁ።

የነገሩን መሠረት ለማስረዳት ወተት ይበቃል። ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየው በውኃው ውስጥ የተሠራጩት የስብና የፕሮቲን ቅንጣቶች ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። የፈሳሽ ክሪስታል ኢመልሽንም ደርቆ ስስ ሽፋን ሲሆን ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል፤ በፖሊመር ውስጥ የታቀፉት፣ ዲያሜትራቸው አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑት ጠብታዎች ብርሃንን በትነው መስታወቱን ወተት ያስመስሉታል። በሽፋኑ ሁለት ገጾች መካከል ቮልቴጅ ሲሰጥ በጠብታዎቹ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች የኤሌክትሪክ መስኩን አቅጣጫ ይዘው ይሰለፋሉ። በዚህ አቅጣጫ የጠብታውና የፖሊመሩ የብርሃን ስብረት መጠን እንዲቀራረብ ቁሶቹ አስቀድመው ስለሚመረጡ መስታወቱ ይጠራል። ቮልቴጁ ሲቋረጥ ተመልሶ ይነጣል።

ይህ የሚሠራው ግን ጠብታው ፈሳሽ ክሪስታል ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር እ.ኤ.አ. በ1888 ሁለት የመቅለጫ ነጥቦች ያሉትን ቁስ ሲመረምሩ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ከሁለተኛው ነጥብ በላይ ደብዛዛው ፈሳሽ ጥርት ያለ ተራ ፈሳሽ ይሆናል። ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት፣ እስከ ዛሬም በቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚጠናው 5ሲቢ ይህ ነጥቡ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ነጥቡ ሲጠጋ ንጣቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲያልፈው ደግሞ ለቮልቴጁ መታዘዝ ያቆማል። አራት ውሕዶች የተቀላቀሉበት ኢ7 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ይዘልቃል። ሆኖም ፀሐይ ያረፈችበት መስታወት ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ በጠብታው ውስጥ የሚሟሟ ባዕድ ነገርም ነጥቡን ዝቅ ያደርገዋል።

መታረም ያለበት ተስፋም አለ። ይህ መስታወት ለሞቃት አካባቢ ቤት ማቀዝቀዣ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። የተለመደው ዓይነት ብርሃኑን በአብዛኛው ወደፊት ስለሚበትነው ዕይታን ይከልላል እንጂ የፀሐይን ሙቀት ያን ያህል አያግድም። ጠርቶ ለመቆየትም ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መስኮቱ ይጋረዳል። ያለ ቮልቴጅ የሚጠራውና በቮልቴጅ የሚነጣው ተቃራኒ ዓይነት ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ ስለሚስማማ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ምርምር ለወጣት ዩኒቨርሲቲ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአሠራሩ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጄምስ ፈርጋሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተከተሉት መንገድ ፈሳሽ ክሪስታልን በውኃ በሟሟ ፖሊቪኒል አልኮል ውስጥ በጥብጦ፣ ስስ አድርጎ ቀብቶ ማድረቅ ነበር። በጥባጭ፣ ፖላራይዘር ያለው ማይክሮስኮፕና ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ማሞቂያ ካለ ሥራው ይጀመራል። ርዝመቱም ወርዱም 10 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 20 ማይክሮሜትር የሆነ ሽፋን ግማሹ ፈሳሽ ክሪስታል ቢሆን የሚወስደው 0.1 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ግራም ለአሥር ናሙና ይበቃል። ፈሳሽ ክሪስታሉና ኤሌክትሪክ አስተላላፊው መስታወት ከውጭ መገዛታቸው አይቀርም፤ የምርምር ጥያቄው ግን ከዚሁ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የማብሪያውን ቮልቴጅና ሽፋኑ የሚያሳልፈውን የብርሃን መጠን ከ20 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ክልል ደረጃ በደረጃ ይለካ። አማካሪዎችና ገምጋሚዎችም «በክፍል ሙቀት» የሚል ውጤት ብቻ ሲቀርብላቸው የቀረውን ሠንጠረዥ ይጠይቁ።